የዳማ ቤት

ግንቦት 1፣ ዓርብ

ዛሬ ልደታ ናት። ግቢያችን ውስጥ ካለው ጽድ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ንፍሮው ቀረበ፣ ቡናው ተፈላ፣ ጎረቤቱም ተሰበሰበ። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ እትዬ፣ ማለት የግቢው ባለቤት፣ ወደ በረንዳዬ እያዩ "ልጄ፣ ክረምቱ ሳይገባ ለዚች ውሻ አንድ ነገር አድርጊላት" አሉኝ። ዳማ በረንዳው ላይ ተዘርግታ ተኝታለች። እውነታቸውን ነው። አምና ሐምሌ ላይ ዝናቡ በረንዳውን እያለፈ ሲያስቸግራት ሌሊቱን ሙሉ በሩን ስትቧጥጥ ነጋ። በነጋታው ረጅም ልምምድ ነበረብኝ፤ እሷም እኔም ሳንተኛ ተነሣን።

ስለዚህ ቤት እሠራላታለሁ። ራሴ በእጄ። የሩጫ ማስታወሻ ለ9 ዓመት ጽፌያለሁ፤ የአናጺነት ሥራ ግን ነክቼ አላውቅም። በአንድ ደብተር እጽፈዋለሁ፤ በግራው ገጽ ሩጫው፣ በቀኙ ገጽ የዳማ ቤት።

ልኬት፦ ዳማ ከመሬት እስከ ትከሻዋ 52 ሳንቲ ሜትር ናት፤ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ሥር 80። ቁማ መግባት፣ መዞርና ተጠቅልላ መተኛት አለባት። ከዚያ በላይ ቢሰፋ ግን ጥሩ አይደለም፤ ውሻ ቤቷን የምታሞቀው በገዛ ገላዋ ነው፤ ቤቱ ከሰፋ ብርዱ ያሸንፋታል። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 70፣ ከፊት ቁመቱ 80፣ ከኋላ 65 አልኩ፤ ውሃው ወደ ኋላ እንዲወርድ።

በግራው ገጽ፦ እንጦጦ፣ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ ኢዚ (ቀለል ያለ ሩጫ)። ከሽሮ ሜዳ በላይ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቼ የእርግዝና መመርመሪያውን ተጠቀምኩ። ሁለት መስመር ወጣ።

ለአንድ ሳምንት ያህል ስጠረጥር ነበር፤ የጠረጠርኩት ግን ሌላ ነገር ነው። ተኝቼ የምለካው የልብ ምቴ 46 ነበር፤ ወደ 53 ወጣ። ለሯጭ ይህ የድካም ምልክት ነው፤ ሰውነቴ ልምምዱ በዝቶበታል ብዬ አሰብኩ። የወር አበባ መቅረቱም አላስደነገጠኝም። ሥራው ከባድ ሆኖ ምግቡ ሲያንስ ብዙዎቻችን ላይ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ያ ራሱ ጤና አይደለም፤ እኛ ግን ለምደነው እንደ ተራ ነገር እናየዋለን። ስለዚህ ነው 5 ሳምንት የሞላው ሳላውቀው።

መመርመሪያው የሚያነበው ሆርሞን ኤችሲጂ ይባላል። ስሙን አስቀድሜ የማውቀው ከአበረታች ቅመሞች ትምህርት ነው፤ ለወንድ አትሌቶች የተከለከለ ነው። ዛሬ ግን በኔ ሽንት ውስጥ ተገኝቶ አለቀስኩ፣ ከደስታ።

ወደ ልምምድ የሚወስደን የክለቡ ሰርቪስ 11 ሰዓት ላይ መጥቶ ሁለት ጊዜ ክላክስ አደረገ። ባለቤቴ ወጥቶ "ዛሬ አሟታል" አላቸው። እኔ በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ተቀምጫለሁ፤ ዳማ አገጯን ጫማዬ ላይ አሳርፋለች። መኪናው ከሩቅ ማርሽ ሲቀይር ሰማሁት። ጓደኞቼ ያለ እኔ ወደ ሰንዳፋ ሄዱ። በ9 ዓመት ውስጥ ሳልታመም ስቀር የመጀመሪያዬ ነው።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ጤና ጣቢያ። ደም ሰጠሁ፤ የደም ዓይነት፣ የደም ማነስ፣ ኤችአይቪና ቂጥኝ ተመረመረ፤ ሽንትም ሰጠሁ። ሲስተሯ ፎሊክ አሲድ ያለበት የብረት ኪኒን ሰጠችኝ። የፅንሱ ሰረሰርና አንጎል ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚሠሩ ፎሊክ አሲዱ ለእነርሱ ነው አለችኝ። ኪኒኑን ከሻይና ከቡና አርቄ እንድወስድ አዘዘችኝ፤ ሻይና ቡና ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። እስከ መውለጃዬ 8 ጊዜ እንደምመጣም ካርዱ ላይ ጻፈችልኝ።

ሥራዬን ስትጠይቀኝ "ሯጭ ነኝ፣ ማራቶን" አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ሰውነትሽ የለመደውን ቀንሰሽ መቀጠል ትችያለሽ። እየሮጥሽ ማውራት ካልቻልሽ ግን በዝቷል ማለት ነው። በጣም አይሙቅሽ፣ ውሃ አይጥማሽ። ካዞረሽ፣ ሆድሽን ከቆረጠሽ፣ ደም ካየሽ ቀጥ በይ።" ግልጽ ነው። አሰልጣኝ እንኳ እንዲህ አሳጥሮ አይነግረኝም።

ቀጥዬ ስለ ዳማ ጠየቅሁ፤ እናቴ ስትሰማ መጀመሪያ የምታነሣው እሱን እንደሆነ አውቃለሁ። መልሱ ከጠበቅሁት ሌላ ሆነ። ለፅንስ የሚያሰጋው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተሕዋሲ በዓይነ ምድሯ የሚወጣው ድመት ናት፤ ውሻ አይደለችም። ደግሞ በጥሬ ሥጋ ይመጣል። "ውሻሽን ተይና ጥሬ ሥጋውንና ክትፎውን አቁሚ፤ ሰላጣውን በደንብ እጠቢ" አለችኝ። ከውሻ የሚፈራው የእብድ ውሻ በሽታና የሆድ ትላትል ነው። ዳማ የእብድ ውሻ ክትባቷን የወሰደችው ባለፈው ጥቅምት ላይ ነው፣ ወረቀቷ አለ። የትል መድኃኒቷ ግን አልፎባታል። ነገ የመጀመሪያ ሥራዬ እሱ ነው። ዓይነ ምድሯን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ባለቤቴ ያነሣል፤ ሳይጠየቅ ነው የተረከበኝ።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ለአሰልጣኜ ነገርኳቸው። ስልክ ለዚህ አይመችም፤ ጃንሜዳ አጠገብ ጠብቄ ቆሜ ነው የነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና "እንኳን ደስ ያለሽ፤ ስንት ሳምንት ሆነው?" አሉ። መስከረም ላይ ስለነበረኝ ውድድር አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ለማናጀሬ ራሳቸው እንደሚደውሉ ብቻ ነገሩኝ። ስንለያይ "ደራርቱ ልጇን በ1998 ወልዳ አይደል በ2000 ሲድኒ ላይ በ10 ሺህ ያሸነፈችው? ጥሩነሽስ በ2015 ወልዳ በዓመቱ ሪዮ ላይ ነሐስ አላመጣችም?" አሉኝ።

ሁለቱንም ታሪክ በልቤ አውቀዋለሁ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር እስከነ ዓመቱ። ሴት ሯጭ ሆና የማታውቀው የለችም። ቤት ስገባ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የሚወራው ሁሉ የመመለሱ ወሬ ነው። ወልዳ፣ ተመልሳ፣ አሸነፈች። ስድስተኛው ሳምንት ላይ፣ ሆዷ ሳይታይ፣ ማንም ሳያውቅላት፣ ጓደኞቿ ሲሮጡ እሷ ቤት ስትቀር ቀኑን በምን ትሞላዋለች? እሱን የነገረኝ የለም። እኔ የምጽፈው እሱን ነው። ለጊዜው ቀኔን የምሞላው በመጋዝና በሚስማር ነው።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ። እንጨቱን የነገሩኝ ጎረቤታችን አናጺው ጋሼ ናቸው፤ "አዲስ እንጨት አትግዢ፣ እርጥብ ነው፤ ሲደርቅ ይጣመምብሻል። ከፈረሰ ቤት የወጣ ይሻልሻል" ብለው። 5 በ7 ሞራሌ 6 ዘንግ፣ ለግድግዳ የሚሆን አሮጌ ጣውላ፣ ሁለት ክንድ ተኩል ቆርቆሮ አገኘን። ጣውላው ላይ አሁንም የሰው ቤት አረንጓዴ ቀለም አለ፤ የልጅ ቁመት የተለካበት የሚመስል የቢላ ምልክትም ከጎኑ ተቀርጿል። አላስፋቅሁትም። ያ ጣውላ በር በኩል እንዲውል ወስኛለሁ።

መርካቶ ውስጥ ሁለት ጊዜ አጥወለወለኝ። በርበሬው፣ የመኪናው ጭስ፣ የሰው ግፊያ። ማቅለሽለሹ የጀመረው ሮብ ዕለት ነው፣ ልክ ስድስተኛው ሳምንት ሲገባ። ሁሉንም እችለዋለሁ፤ አንዱን ግን አልጠበቅሁትም፤ የባሕር ዛፍ ሽታ አስጠላኝ። አንዱ ሞራሌ ባሕር ዛፍ ነው፤ ባለቤቴ ሲቆርጠው ሮጬ ወጣሁ። እንጦጦ ላይ ለ9 ዓመት የተነፈስኩት አየር ማለት እሱ ነው። በጭጋግ ውስጥ ቅጠሉ ሲረገጥ የሚወጣው ሽታ ለኔ የጠዋት ሽታ ነበር። አሁን ሆዴ አይቀበለውም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ባለቤቴ እንጨቱ ተሰብሮ መስሎት ነበር።

ባሕር ዛፉን ለወለሉ እግር አደረግነው፣ ከአፍንጫዬ እንዲርቅ።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ማሰሪያ። ዳማ ከኔ ጋር ሮጣ አታውቅም። እኔ በኪሎ ሜትር 4 ደቂቃ ከ30 ስሄድ እሷ ከግቢ አትወጣም ነበር፤ ሰርቪስ ላይ ውሻ አይጫንም። አሁን ግን ከሰርቪስ ወርጃለሁ፤ ሁለታችንም ሰፈር ቀርተናል።

በተከታታይ አራት ጠዋት ያስተማርኳት፦ ማሰሪያው ሲወጠር እቆማለሁ። አልጎትታትም፣ አልቆጣትም፤ እቆማለሁ ብቻ። ዞር ብላ ስታየኝና ገመዱ ሲላላ እንቀጥላለን። የመጀመሪያው ቀን ከቤታችን እስከ ሰማዕታት ሐውልት፣ አምስት ደቂቃ የማይሞላውን መንገድ፣ በ25 ደቂቃ ሄድነው። ዛሬ 7 ጊዜ ብቻ ቆምኩ። ገመዱን በእጄ እንጂ በወገቤ አላስርም፤ ድንገት ብትጎትተኝ ልለቃት እፈልጋለሁ። መውደቅ አሁን የኔ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

የአዲስ አበባን ጎህ የሚያውቅ ሰው የመንገድ ውሾቹን ያውቃል። ሳይነጋ አስፋልቱ የነሱ ነው፤ ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ በየቆሻሻ ገንዳው አጠገብ አምስት ስድስት ሆነው ይቆማሉ። እኛ ሯጮች በቡድን ስለምናልፍ ብዙም አይደፍሩንም፤ ብቻዋን የሆነች ሴት ግን ድንጋይ ይዛ ትወጣለች። ልጆች ሳለን "ከነከሰሽ ፓስተር ወስደው ሆድሽ ላይ 14 መርፌ ይወጉሻል" እየተባልን ነው ያደግነው። አሁን ክትባቱ ክንድ ላይ ነው፤ ነፍሰ ጡርም ብትነከስ ሳትዘገይ ትከተባለች፣ ፅንሱን አይጎዳም። ይህን ሲስተሯን ደግሜ ሄጄ ጠይቄያታለሁ። እንዲያም ሆኖ መንገዱን ቀየርኩ። የምንወጣው 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከነጋ በኋላ፣ ሱቆች ሲከፈቱ ነው፤ ያኔ ውሾቹ ተበትነዋል። ከሩቅ አንድ ሁለት ካየሁ መንገድ እሻገራለሁ፣ ዓይናቸውን አላይም፣ አልሮጥም። የሚያባርር ውሻ ፊት መሮጥ መጋበዝ ነው።

በግራው ገጽ፦ 22 ደቂቃ፣ ሶምሶማ በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ከ40፣ ከዳማ ጋር። እያወራሁላት ስለነበር የሲስተሯን መለኪያ አልፌያለሁ።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ጋሼ መጡ። "መጀመሪያ ማዕዘን" አሉ። በአንዱ ጎን 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርጎ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ሜትሩ 100 ካነበበ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። አራቱን ሞራሌዎች ገጥመን መስቀለኛውን ስንለካ አንዱ 121፣ ሌላው 123 ሆነ። እኩል ካልሆኑ ቤቱ ዘመም ብሏል ማለት ነው። አንዱን ጥግ በመዶሻ ቀስ እያደረግን ገፋነው፤ ሁለቱም 122 ሲሆኑ ልቤ ሞቀ። ባለ 8 ሚስማር፣ በየማዕዘኑ ሁለት ሁለት።

መጋዙን እኔ ነበርኩ የያዝኩት። ሦስተኛው ሞራሌ ላይ ስደርስ ልቤ ሲደልቅ ሰማሁት፤ ሰዓቴን ሳየው 148። በ148 ድሮ አንድ ሰዓት እሮጥ ነበር። ሰውነቴ ለሁለት ሰው የሚበቃ ደም መሥራት ጀምሯል፤ ልብ ከወዲሁ ሥራ በዝቶባታል፤ ትንፋሹንም ሆርሞኑ ያፈጥነዋል። ያ ልደታ ዕለት ዳገቱ ላይ ያጠረኝ ትንፋሽ ይኸው ነበር። መጋዙን ለጋሼ ሰጠሁና በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ምንም አልጠየቁኝም። ገና ለሰው አልተናገርንም፤ ፅንሱ ሳይጸና አይወራም። እሳቸው ግን ሦስት ልጆች አሳድገዋል፤ መጋዙን ሲቀበሉኝ "ቀስ በይ እሺ፣ እናቴ" ያሉበት ድምፅ ሌላ ነበር።

አንድ ነገር ላይ ብቻ አልተስማማንም። ለምስጥ ብለው እግሮቹን የተቃጠለ የመኪና ዘይት ሊቀቧቸው ፈለጉ። ሽታውን አልችለውም፤ ከዚያም በላይ ዳማ እንጨት ትልሳለች። በአራት ግማሽ ብሎኬት ላይ እናስቀምጠው አልኩ፤ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ ጎርፉም በሥሩ ያልፋል። ቆይተው "ያም ይሆናል" አሉ።

ወለሉን አልቸነከርነውም፤ እየተነሣ እንዲታጠብ ዝም ብሎ ይቀመጣል። በክረምት ቁንጫ የሚራባው ከሥር ነው።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

የሐዋርያት ጾም ገባ። የንስሐ አባቴን ትናንት ጠየቅኋቸው፤ "ነፍሰ ጡር አትገደድም፣ የምትበዪው ለሁለት ነው" አሉኝ። በልጅነቴ ካስጾሙኝ ጀምሮ የሰኔን ጾም ትቼ አላውቅም፤ ትንሽ ከበደኝ። ደግሞ ልብላ ብልስ ምን ይበላል? እንቁላል ይሸተኛል። ሽሮ ሲንተከተክ እወጣለሁ። ጎረቤት ቡና ሲቆላ በሬን እዘጋለሁ። የሚረጋልኝ ሌሊት ከአልጋ ሳልነሣ የምቆረጥመው የገብስ ቆሎ፣ ዳቦ፣ የዝንጅብል ሻይና ሙዝ ነው። በቀን ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ። ሆዴ ባዶ ሲሆን ይብስብኛል።

እናቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች። ለሷ ነግረናታል። "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" አለችና ወዲያው "ያቺ ውሻስ?" አለች። የሲስተሯን ቃል ሁሉ ነገርኳት፤ ድመት፣ ጥሬ ሥጋ፣ ክትባቱ፣ ትሉ። ዝም ብላ ሰማችኝ። "ይሁን፤ ቤቷን ግን ቶሎ ጨርሱላት፤ ሕፃን ሲመጣ ሳይሆን አሁን ትልመደው፤ ያኔ ብታስወጫት ልጁን ትጠላዋለች" አለችኝ። እናቴ ውሻ ወዳ አታውቅም፤ የነገረችኝ ግን ካነበብኩት ሁሉ ይበልጣል። በራሷ ቃል ጻፍኩት።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ጠዋት ደም አየሁ። ጥቂት ነው፣ ቡናማ፣ ግን ደም ነው።

ዛሬ በግራውም በቀኙም ገጽ አልጽፍም ብዬ ነበር። ማታ ነው የምጽፈው።

ባለቤቴ ታክሲ ጠራ። መንገዱ ላይ አንድም ቃል አልተናገርንም። ከወረፋው ይልቅ ኮሪደሩ ነበር የረዘመብኝ። ያለፉትን ሳምንታት በሐሳቤ ወደ ኋላ ቆጠርኳቸው፤ መጋዙን፣ መርካቶን፣ ሶምሶማውን፣ ማሰሪያው የተወጠረባትን እያንዳንዷን ጊዜ። ሯጭ ሲሸነፍ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ የትኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንደተሳሳተ ይፈልጋል።

አልትራሳውንዱ ላይ ሐኪሟ ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። የሰሊጥ ያህል ነጭ ነገር ይርገበገባል። "ልቡ ነው፤ በደቂቃ 168" አለችኝ። 168። እኔ የማራቶን መጨረሻ ላይ የምደርስበት ነው፤ እሱ ደግሞ ተኝቶ ነው። ባለቤቴ እጄን የያዘበት ቦታ እስካሁን ያመኛል።

ሐኪሟ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲህ ያለ ጥቂት ደም ብዙ ሴቶች እንደሚያዩ፣ ልቡ እየመታ ከታየ አብዛኞቹ በሰላም እንደሚቀጥሉ ነገረችኝ። "ያደረግሽው ነገር አይደለም ያመጣው" ስትለኝ ደጋግማ እንድትለኝ ፈለግሁ። ደሙ ቆሞ አንድ ሳምንት እስኪያልፍ ሩጫ የለም፣ ከባድ ነገር ማንሣት የለም። መራመድ ይቻላል። አልጋ ላይ መዋል ግን ፅንስን እንደማያድን ነገረችኝ፤ ስለዚህ አልተኛም።

ቤት ስደርስ ዳማ ከበሩ እስከ በረንዳው አጅባኝ መጣች።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ሚካኤል። ደሙ እሑድ ቆሟል።

ግድግዳውና ጣሪያው አለቀ፤ እኔ ግን አንድ ሚስማር አልመታሁም። በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሚስማር አቀብላለሁ፣ ልኬት አነብባለሁ። ቆርቆሮው ላይ ባለቤቴ ሚስማሩን ስርጓዳው ውስጥ ሊመታ ሲል ጋሼ እጁን ያዙት፤ ውሃው የሚወርደው በስርጓዳው ስለሆነ እዚያ የተበሳ ቆርቆሮ ያፈሳል፤ ሚስማር ጉብታው ላይ ነው የሚመታው። ከጣሪያው ሥር አሮጌ ብርድ ልብስ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለን ወጠርን፤ ቆርቆሮ ብቻውን ሌሊት ይበርዳል፣ በረዶ ሲወርድበት ደግሞ ከበሮ ነው።

ተቀምጦ ማቀበል ከመጋዙ በላይ ከበደኝ። እውነቱን ነው የምጽፈው። አካሌ የሚሠራው ሥራ አይታይም፤ ሰው ሁሉ ሲንቀሳቀስ እኔ ሚስማር ይዤ እቀመጣለሁ። ደግሞ በዚያችው ሰዓት፣ ሐኪሟ እንዳለችኝ፣ ጣቶቹ እየተለያዩ ነው።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ዳማ አልገባም አለች። አምስት ሌሊት ሙሉ።

ቤቱ ሁሉ ነገሩ የተሟላ ነው፤ ደረቅ የጤፍ ጭድ ተነጥፎበታል፣ ንፋስ አይገባበትም። ሥጋ አስገባንላት፤ አንገቷን ብቻ አስገብታ አውጥታ በረንዳው ላይ በላችው። የኔን አሮጌ የልምምድ ሹራብ አነጠፍንላት፤ ሹራቡን በአፏ ጎትታ አወጣችና በረንዳው ላይ ተኛችበት። ባለቤቴ ሊገፋት ሲል ከለከልኩት፤ ተገፍታ የገባች ውሻ ያንን ቤት መቼም አትወደውም።

ዛሬ ጠዋት ከቤቱ ጎን መሬት ላይ ተቀመጥኩና በእሷ ቁመት አየሁ። ያኔ ገባኝ። በሩን ከዝናቡ አሽሽቼ ወደ ግንቡ ነበር ያዞርኩት፤ ዝናቡ እኛ ግቢ ከዋናው በር በኩል እየገረፈ ነው የሚመጣው። ውስጥ ስትተኛ የሚታያት ግንብ ብቻ ነው። ዳማ ደግሞ በረንዳው ላይ የምትተኛው ለምቾት አይደለም፤ በሩን ልትጠብቅ ነው። ማን ወጣ፣ ማን ገባ የሚለውን ሳታይ እንቅልፍ አይወስዳትም።

ሁለቱ ሰዎች ብሎኬቱ ላይ እንዳለ ሩብ ዙር አዞሩት። በሩ አሁን ዋናውን በር በሰያፍ ያያል። ዝናቡን ለመከላከል ከተረፈው ቆርቆሮ 30 ሳንቲ ሜትር ወጣ ያለ ግንባር ሠራንለት፤ ከመግቢያው ግማሽ ላይ ደግሞ የወፍራም ጎማ መጋረጃ አንጠለጠልን። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ዳማ አንድ ጊዜ ዞረችው፣ ገባች፣ ውስጥ ሁለቴ ተሽከረከረች፣ አገጯን መግቢያው ላይ አሳርፋ በሩን አየች።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

12 ሳምንት።

ትናንት ከቀትር በኋላ የክረምቱ ትልቁ ዝናብ ወረደ፣ ከነበረዶው። ጎርፉ በብሎኬቶቹ መካከል አለፈ። ሲያባራ ወለሉን አንሥቼ ጭዱን በእጄ ጨበጥኩት። በስተኋላ በግራ ጥግ አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ እርጥብ ናት፤ ሌላው ደረቅ ነው። አምና በዚህ ሰዓት በር ይቧጠጥ ነበር።

ከሐኪሟ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ከዳማ ጋር በጃንሜዳ ዙሪያ 25 ደቂቃ፣ በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ከ50። መሬቱ ጭቃ ነው፤ በየትኛው በኩል እንደምረግጥ የምታሳየኝ እሷ ናት፤ ደረቁን መርጣ ትሄዳለች፣ እኔም እከተላለሁ። አንድም ጊዜ ገመዱ አልተወጠረም። መንገድ ላይ የክለብ ጓደኞቼ ከልምምድ ሲመለሱ አገኙንና ሰርቪሱን አስቁመው ወረዱ። ነገርኳቸው። አንዷ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ዳማን አቀፈቻት፤ እኔን ለማቀፍ የፈራች ይመስል።

የመውለጃዬ ቀን ካርዱ ላይ ጥር 6 ተብሎ ተጽፏል። ከጥምቀት አምስት ቀን በፊት ማለት ነው፤ ታቦታቱ ጃንሜዳ ሲያድሩ የቤታችን መንገድ በሰው ይሞላል፣ መኪናም አያልፍም። ሆስፒታል በየት በኩል እንደምንወጣ ከአሁኑ ማሰብ አለብን።

ሽታው ቀስ በቀስ እየለቀቀኝ ነው። ቆሎው ላይ ሽሮ ተጨምሯል። ባሕር ዛፍ ገና ነው።

የቀረ ሥራ፦ ከኋላ በግራ ያለው ጥግ፤ ቆርቆሮው ከጣውላው ጋር የሚገናኝበትን ክፍተት ጋሼ ቅዳሜ ይደፍኑታል። የጭዱ ቅያሪ በየ15 ቀኑ። የዳማ የሚቀጥለው የትል መድኃኒት ነሐሴ 9፣ የእብድ ውሻ ክትባቷ ጥቅምት ላይ። አረንጓዴው ጣውላ በር በኩል ውሏል፤ ከቢላው ምልክት በታች ብዙ ባዶ ቦታ አለ።